ሴቶቹ የቆረቆሯት ከተማ

ስሙኝማ። ዛሬ የማወራላችሁ ስለ አንዲት ትንሽ ሰፈር ነው። ያለችው በደቡብ አሜሪካ፣ በኮሎምቢያ ምድር ነው፤ ከካሪቢያን ባሕር ጥቂት ገባ ብሎ ቱርባኮ የሚባል ከተማ አለ፣ እዚያ ናት። መቶ የሚጠጉ ቤቶች አሏት። ቤቶቹን ያቆሙት ሴቶች ናቸው። ካርታውን በስማቸው የያዙትም ሴቶች ናቸው። ስም ያወጡላትም እነሱው ናቸው፤ የሴቶች ከተማ አሏት። ሁሉም ከቀያቸው የተፈናቀሉ ነበሩ፤ ካንድም ሁለት ጊዜ የተፈናቀሉ አሉባቸው።

ዘመኑን በፈረንጅ እየቆጠርኩ እሄዳለሁ፤ የእኛ አገር ጉዳይ ላይ ስንደርስ በእኛው እቆጥራለሁ።

መጀመሪያ ከየት እንደመጡ ልንገራችሁ። ኮሎምቢያ ውስጥ ከ1960ዎቹ ጀምሮ ጦርነቱ አልበረደም ነበር። በአንድ ወገን ፋርክ የሚባሉት ሽምቅ ተዋጊዎች፣ በሌላ ወገን ባለርስቶችና የዕፅ ነጋዴዎች የደገፏቸው ሚሊሻዎች፣ በሌላ በኩል ደግሞ የመንግሥት ጦር። ውጊያው የሚካሄደው ባላገሩ በሚያርሰው መሬት ላይ ነው፤ ብዙ ጊዜም ምክንያቱ ያው መሬቱ ነው። ከካርታኼና ከተማ በስተደቡብ ሞንቴስ ደ ማሪያ የሚባል ኮረብታማ አገር አለ። በ2000፣ በየካቲት ወር፣ ሚሊሻዎቹ እዚያ ኤል ሳላዶ የሚባል መንደር ገብተው ሕዝቡን ፈጁት። በጥቂት ቀናት ውስጥ 60 ገደማ ሰው ገደሉ፤ ብዙዎቹን በመንደሩ ኳስ ሜዳ ላይ፣ ዘመድ አዝማድ እያየ። ከዚያ በኋላ መንደሩ ባዶውን ቀረ። የኤል ሳላዶ ነገር በመላ አገሩ ስለተሰማ ነው የጠቀስኩት እንጂ ስማቸው ያልተነሣ መንደሮች ብዙ ናቸው። መንግሥት ራሱ በያዘው የተጎጂዎች መዝገብ ከ1985 ወዲህ ከ8 ሚሊዮን በላይ ሰው ተፈናቃይ ተብሎ ተጽፏል።

ከነዚህ ሰዎች ብዙው ወደ ካርታኼና ወረደ። ካርታኼና ውብ ከተማ ናት፤ በድንጋይ ግንብ የታጠረች፣ ቱሪስት የሚጎርፍባት። በቀደመው ዘመን ከአፍሪካ በባርነት የተጋዙ ሰዎች ከመርከብ እየወረዱ የሚሸጡባት ወደብ ነበረች። ተፈናቃዩ ታዲያ የሚያርፈው ከግንቡ ውጭ፣ ከከተማው ዳርቻ ነው። በ1990ዎቹ አጋማሽ እዚያ ዳርቻ ላይ የላስቲክና የጣውላ ጎጆ የሞላበት ሰፈር በቀለ፤ ሰፋሪዎቹም ኔልሰን ማንዴላ ብለው ጠሩት። ከመካከላቸው ብዙዎቹ የነዚያ የተጋዙት አፍሪካውያን ልጆች ናቸው። ሌላው ሰፈር ኤል ፖሶን ይባላል፤ መሬቱ ረግረግ ስለሆነ ዝናብ ሲጥል ውኃው እቤት ድረስ ይገባል።

እዚያ የደረሰችውን ሴት አስቧት። ትናንት ባላገር ነበረች። ካሳቫ ተክላ፣ በቆሎ ዘርታ፣ ዶሮ አርብታ ቤቷን ታስተዳድር ነበር። ከተማ ስትገባ የሰው ልብስ ታጥባለች፤ ፍራፍሬ በራሷ ተሸክማ ትሸጣለች። ባሏ ወይ ተገድሏል፣ ወይ የደረሰበት አይታወቅም፣ ወይ አብሯት ሆኖ ሥራ አጥቷል። እሱ የሚያውቀው እርሻ ነው፤ ከተማ ውስጥ ደግሞ የሚታረስ የለም። የእሷ ማጠብና ማብሰል ግን ገዢ አለው። ቤቱን የምታበላው እሷ ሆነች ማለት ነው። ዕርዳታ ልትጠይቅ ቢሮ ስትሄድ ግን ቤተሰቡ የተመዘገበው በባሏ ስም ነው። ከተለያዩ መዝገቡም ዕርዳታውም ከእሱ ጋር ይሄዳል። ጥለውት የመጡት መሬት ወረቀት ካለው ወረቀቱ በእሱ ስም ነው፤ እሱ ከሞተ ደግሞ የእርሻው ወሰን እስከ የት እንደነበር የሚጠይቃት የለም፤ ዘር ስትዘራበት የኖረች እሷ ሆና ሳለ። ይህን ከራሴ አውጥቼ የምናገር እንዳይመስላችሁ። የአገሪቱ የሕገ መንግሥት ፍርድ ቤት በኋላ አንድ በአንድ ዘርዝሮ ጽፎታል፤ እዚያም እንደርሳለን።

ሴት ብታውቅ በወንድ ያልቅ እንላለን እኛ። በኮሎምቢያ ሕጉ እንዲህ ብሎ አልጻፈም፤ መዝገቡና ወረፋው ግን እንዲያ ነበር የሚሠራው።

ፓትሪሲያ ጌሬሮ የሚባሉ የሕግ ባለሙያ አሉ። በ1990ዎቹ መጨረሻ ካርታኼና ውስጥ እነዚህን ሴቶች በየሰፈራቸው እየፈለጉ ማሰባሰብ ጀመሩ። ከዚያም የተፈናቃይ ሴቶች ሊግ የሚባል ማኅበር ተቋቋመ። የመጀመሪያው ጭንቅ እንደ ማንኛውም ተፈናቃይ የዕለት ጉርስ ነው። እየዋለ እያደረ ግን ሴቶቹ ሲሰበሰቡ አንድ ነገር ይመለስ ይመለስና ያው ይነሣል፤ ቤት። ዝናብ የማይገባበት፣ አከራይ የማያስወጣቸው፣ ታጣቂ የማያንኳኳው ቤት። እናም እንሥራ አሉ።

ገንዘቡ ከአሜሪካ መንግሥትና ከሌሎች የውጭ ለጋሾች፣ ከኮሎምቢያ መንግሥት የመኖሪያ ቤት ድጎማም ተፈልጎ ተገኘ። ቱርባኮ ላይ መሬት ተገዛ። በ2003 ሥራው ተጀመረ። ሴቶቹ የግንባታ ሥልጠና ወሰዱ። ብሎኬት ማምረቻ አቋቁመው አሸዋና ሲሚንቶ እያቦኩ ብሎኬቱን ራሳቸው አመረቱ፤ ግድግዳውንም አቆሙ። በ2006 ሰፈሯ ሰፈር ሆነች። እያንዳንዱ ቤት 78 ካሬ ሜትር ነው። ልጆች የሚያድሩበት ክፍል ያለው፣ እንግዳ የሚቀመጥበት ቤት ማለት ነው፤ ለተፈናቃይ ብዙ ጊዜ የሚታሰበው ግን አንዲት ክፍል ናት።

እዚህ ጋ ቆም ልበልና ልቤ ያለውን ልናገር። በዓለም ላይ ለተፈናቃይ የሚሠራ ቤት ብዙ ነው። አብዛኛውን ጊዜ ፕላኑ ተሠርቶ ይመጣል፤ ሴቶች ተሰብስበው ይጠየቃሉ፤ ጥሩ ነው ይላሉ፤ ፎቶ ይነሣል፤ ሴቶች ተሳትፈዋል ተብሎ ሪፖርት ይጻፋል። ቱርባኮ ላይ የሆነው ሌላ ነው። ቤት ይቅደም ያሉት እነሱ ናቸው። ማን ይሥራው የሚለውን የወሰኑት እነሱ ናቸው። በማን ስም ይመዝገብ የሚለው ላይ ደግሞ ጨርሶ አልተደራደሩም። በገዛ እጃቸው መሥራታቸውም ትልቅ ነገር ነው፤ አንድ ከረጢት ሲሚንቶ ስንት ብሎኬት እንደሚያወጣ የምታውቅ ሴት ፊት የግንባታ ሂሳብ ማምታታት አይቻልም። ተሰብሳቢ ሆኖ መጠየቅ አንድ ነገር ነው፤ ሂሳቡን፣ ቁልፉንና ካርታውን ይዞ መወሰን ሌላ ነው። እኔ ተሳትፎ የምለው ሁለተኛውን ብቻ ነው።

ታዲያ ይህ በሰላም የሆነ አይምሰላችሁ። ገና ግንባታው ሳያልቅ የአንዷን አባል የትዳር ጓደኛ፣ ማምረቻውን ይጠብቅ የነበረውን ሰው፣ ገደሉት። ቆየት ብሎ የመሰብሰቢያ ቤታቸው ተቃጠለ። ማስፈራሪያው ስላልቆመ የአሜሪካ አገሮች የሰብዓዊ መብት ኮሚሽን በ2009፣ በኅዳር ወር፣ የኮሎምቢያ መንግሥት የሊጉን አባላት እንዲጠብቅ አስቸኳይ የጥበቃ እርምጃ ጠየቀ። አስቡት እንግዲህ፤ ግድግዳ አቁመው የከተሙ እናቶች ናቸው ከአህጉር ኮሚሽን ከለላ የሚጠየቅላቸው። ለምን ቢባል፣ በስሟ ካርታ የያዘች ሴት በቀላሉ አትነቀልም። ከአንድ ቦታ ነቅሎ ማባረር ሥራው የሆነ ሰው ይህን ደኅና አድርጎ ያውቃል።

ከሰፈሯ ወጣ እንበልና ሌሎቹንም እንይ። ሞንቴሪያ በሚባለው ከተማ ዮላንዳ ኢስኪየርዶ የምትባል ተፈናቃይ ነበረች። ሚሊሻዎቹ የነጠቋቸውን መሬት ለማስመለስ በመቶዎች የሚቆጠሩ ቤተሰቦች እሷን መርጠው ወከሏት። የሚሊሻዎቹ አለቃ ሳልቫቶሬ ማንኩሶ ፍርድ ፊት ቀርቦ ቃሉን ሲሰጥ ሄዳ ተገኝታለች። በጥር 31 ቀን 2007 ደጇ ላይ ተኩሰው ገደሏት። አና ፋብሪሲያ ኮርዶባም ነበረች፤ ከኡራባ ተፈናቅላ ሜዴዪን የገባች፣ የጥቁሮቹን ኮሎምቢያውያን ተፈናቃዮች የምታስተባብር፣ ለመሬት የምትሟገት ሴት። ሊገድሉኝ ነው ብላ በአደባባይ ተናግራለች፤ ለባለሥልጣናትም አሳውቃለች። በሰኔ 7 ቀን 2011 አውቶቡስ ውስጥ እንዳለች ተተኩሶባት ሞተች። በሦስተኛው ቀን፣ ሰኔ 10፣ የአገሪቱ ፕሬዚዳንት የተጎጂዎችንና የመሬት ማስመለስን ሕግ ፈረሙ። የታገለችለት ነገር ሕግ ሲሆን እሷ በሕይወት አልነበረችም።

ስለዚህ ሴቶች ሆይ ውጡ፣ ተናገሩ፣ ምሩ የሚል ሰው ቀጥሎ ማን ይጠብቃቸዋል የሚለውን አብሮ ካልመለሰ ነገሩ ከንቱ ምክር ነው። ይህን በጽሑፍ ያሰፈረ አንድ ፍርድ ቤት አለ። አሁን ወደሱ ልውሰዳችሁ።

የኮሎምቢያ ሕገ መንግሥት በ1991 የወጣ ነው። በውስጡ ቱቴላ የሚባል አቤቱታ አለ። ማንም ሰው መሠረታዊ መብቴ ተነካ ብሎ፣ ያለ ጠበቃ፣ አቅራቢያው ወዳለ ዳኛ ሊሄድ ይችላል፤ ዳኛውም በ10 ቀን ውስጥ ውሳኔ መስጠት አለበት። ተፈናቃዩ ይህችን በር አገኛት። ቢሮ ቆሞ ነገ ና፣ ነገ ነይ ሲባል የሰለቸው ሁሉ ቱቴላ ጻፈ። አቤቱታው ተከማችቶ ተከማችቶ ከሕገ መንግሥቱ ፍርድ ቤት ደረሰ። በጥር 2004 ፍርድ ቤቱ 108 መዝገቦችን አንድ ላይ አጣመረ፤ በነዚያ መዝገቦች 1,150 ቤተሰቦች ነበሩባቸው። ውሳኔውን የጻፉት ዳኛ ማኑኤል ሆሴ ሴፔዳ ናቸው። ተፈናቃዩ ያለበት ሁኔታ ከነጭራሹ ሕገ መንግሥቱን የሚጻረር ነው አሉ፤ አንድ መሥሪያ ቤት አጥፍቶ ሳይሆን የመንግሥት አሠራር በሙሉ ስለወደቀ። ከዚያ ፋይሉን ዘግተው አልሄዱም። ትዕዛዛችን ተፈጸመ ወይ እያሉ ዓመት ከዓመት መንግሥትን ይጠሩ ነበር።

በዚህ ውሳኔ ውስጥ የእኛ ቀጠና ሰው እጅ አለበት። የተባበሩት መንግሥታት ከ1992 ጀምሮ የአገር ውስጥ ተፈናቃዮች ጉዳይ ልዑክ አድርጎ የሾማቸው ሱዳናዊው ፍራንሲስ ዴንግ ነበሩ፤ የአብዬ ሰው፣ የዲንቃ ልጅ። በእሳቸው መሪነት የተዘጋጁት 30 መርሖዎች በ1998 ወጡ። ስለ ተፈናቃይ ሴቶች ገልጠው ይናገራሉ። ሰው ከቦታ ቦታ ሲዛወር፣ ምግብና መሠረታዊ ቁሳቁስ ሲታቀድና ሲከፋፈል ሴቶች ሙሉ ተሳታፊ እንዲሆኑ ልዩ ጥረት ይደረግ ይላሉ። ሴትም እንደ ወንድ መታወቂያና ሰነድ በራሷ ስም የማግኘት መብት አላት ይላሉ። በዋና ከተማዋ በቦጎታ ያሉት ዳኞች ፍርዳቸውን ሲጽፉ እነዚህን መርሖዎች ጠቅሰዋል። ከአብዬ የተነሣ ሰው የመራው ሥራ ኤል ፖሶን ረግረግ ውስጥ ለምትኖር እናት መከራከሪያ ሆነላት ማለት ነው። እኔ ይህን ሳነብ ደስ ብሎኛል፤ ደስታዬንም አልደብቅም።

ግን የ2004ቱ ፍርድ ተፈናቃይ የሚለው ሰው አሁንም በደፈናው ነበር። የሴቶቹ ድርጅቶች አልተኙም። ማስረጃ ሰበሰቡ፤ ዳኞቹ ፊት ቀርበው ተናገሩ። በሚያዝያ 2008 ፍርድ ቤቱ ትዕዛዝ ቁጥር 092 የሚባለውን አወጣ፤ ከፍርዱ ሁሉ ለሴቶቹ የቀረበው ይህ ነው ብዬ አምናለሁ። ጦርነቱ ሴቶችን ሴት በመሆናቸው ብቻ የሚያጋልጣቸውን አሥር አደጋዎች ይዘረዝራል። አንደኛው አስገድዶ መድፈር ነው። መሬት መነጠቅ አለ፤ ቤቱን የሚያስተዳድር ባል መገደል አለ። ከአሥሩ አንዱ ደግሞ የሴቶች ማኅበር አባል ወይም መሪ መሆን ራሱ ነው። ልብ በሉልኝ፤ ሴት መሪ መሆኗ ለሞት እንደሚዳርጋት ፍርድ ቤቱ እንደ አደጋ ቆጠረው።

ከተፈናቀሉም በኋላ የሚደርስባቸውን ለየብቻ ጽፏል፤ 18 ነጥብ ነው። እኔ አስቀድሜ የነገርኳችሁ የመዝገቡ ጣጣ እዚያ ውስጥ አለ። የመሬቱ ወረቀት አለ። ቢሮ ስትሄድ የሚገጥማት ክብር የነሣት አቀባበል ሳይቀር አለ። ከዚያም መንግሥት 13 መርሐ ግብሮች እንዲነድፍ አዘዘ። አንዱ የተፈናቃይ ሴቶችን ተሳትፎ የሚያበረታታና ሴት መሪዎችን ከጥቃት የሚጠብቅ መርሐ ግብር ነው። ሁለቱን በአንድ አርዕስት ሥር ነው ያስቀመጣቸው፤ ተሳትፎ ብቻውን፣ ጥበቃም ብቻውን አልተተወም። በዚሁ ትዕዛዝ 600 ሴቶች በስማቸው ከለላ ተሰጣቸው፤ 183 የጾታ ጥቃት ማስረጃዎችም ወደ ዐቃቤ ሕግ ተላኩ። ሌላም አለ፤ ተፈናቃይ ሴት አስቸኳይ ዕርዳታዋ ራሷን እስክትችል ድረስ ሳይቋረጥ ይቀጥል፣ በየሦስት ወሩ እየተመላለሰች አሁንም ችግረኛ ነኝ ብላ እንድታስረዳ አትገደድ ተባለ።

በወረቀት ላይ የሰፈረው ሁሉ በሥራ ታየ ወይ ብትሉኝ፣ አልታየም። ፍርድ ቤቱ ራሱ ከዚያ ወዲህ ባወጣቸው ትዕዛዞች መንግሥት ግዴታውን እንዳልተወጣ ደጋግሞ ወቅሷል። የአና ፋብሪሲያ ሞት የመጣው ከትዕዛዙ ሦስት ዓመት በኋላ መሆኑን አትርሱ። ግን ሴቶቹ አሁን የሚጠይቁት ምጽዋት አይደለም፤ ቁጥር ያለው ትዕዛዝ ጠቅሰው ነው የሚሟገቱት።

ያ በ2011 የተፈረመው ሕግ ደግሞ አንቀጽ 118 የሚባል አለው። ዳኛው መሬት ለባለቤቱ ሲያስመልስ፣ በተፈናቀሉ ጊዜ ባልና ሚስት አብረው ይኖሩ ከነበረ፣ መሬቱ በሁለቱም ስም እንዲመዘገብ ያዝዛል። ሚስቲቱ ፍርድ ቤት ባትቀርብም። ይህ የመጨረሻው ሐረግ ነው ትልቁ። ብዙ ሴት ፍርድ ቤት የማትቀርበው አላውቅም ብላ ሳይሆን ልጅ የሚይዝላት፣ መሳፈሪያ የሚሰጣት ስለሌለ ነው፤ ወይም ባሏ አልነገራት ይሆናል። ሕጉ እሷ ባትመጣም ስሟ ይምጣ አለ።

የሃቫናውን ድርድር በአጭሩ ላንሣው። በ2012 መንግሥትና ፋርክ ኩባ ላይ ለሰላም ሲቀመጡ፣ በመንግሥት በኩል ዋና ተደራዳሪ ሆነው የተሾሙት ሁሉም ወንዶች ነበሩ። በጥቅምት 2013 የሴቶች ማኅበራት ቦጎታ ላይ ትልቅ ጉባኤ አድርገው ያለ እኛ ሰላም የለም አሉ። በወሩ ሁለት ሴቶች ዋና ተደራዳሪ ሆነው ተሾሙ፤ ናይጄሪያ ሬንቴሪያና ማሪያ ፓውሊና ሪቬሮስ። በ2014 የጦርነቱ ተጎጂዎች 12 እያሉ በአምስት ዙር ሃቫና ሄደው ተደራዳሪዎቹ ፊት ተናገሩ፤ ከ60ዎቹ የሚበዙት ሴቶች ናቸው። በዚያው ዓመት የሥርዓተ ፆታ ንዑስ ኮሚሽን ተቋቋመ፤ ረቂቁን አንቀጽ በአንቀጽ እያየ ሴቶች በገጠር መሬትና በተመላሾች ጉዳይ እንዳይዘለሉ የሚያደርግ። ስምምነቱ በ2016 ተፈረመ። የሴቶች ነገር በውስጡ እንዲሁ በችሮታ የገባ አይደለም፤ ተንኳኩቶ ተንኳኩቶ የተከፈተ በር ነው።

አሁን ወደ ቤታችን እንግባ። ምክንያቱም ይህን ሁሉ የማወራው ለእኛው ነው።

በ2010 ዓ.ም. በጌዴኦና በምዕራብ ጉጂ አንድ ሚሊዮን የሚጠጋ ሕዝብ ተፈናቀለ። በፈረንጆቹ 2021 ደግሞ፣ የሰሜኑ ጦርነት በተፋፋመበት ዓመት፣ ኢትዮጵያ ውስጥ 5.1 ሚሊዮን አዲስ መፈናቀል ተመዝግቧል፤ በግጭት ሳቢያ በአንድ አገር በአንድ ዓመት ይህን ያህል ከዚያ በፊት ተመዝግቦ አያውቅም። ከደብረ ብርሃን እስከ ጅግጅጋ አካባቢ፣ ከመቀሌ እስከ ዲላ፣ ሰው በትምህርት ቤት ክፍልና በላስቲክ ድንኳን አድሯል። እስከ ዛሬ ያልተመለሰውም ብዙ ነው። ወገኖቼ ናቸውና ይህን ቁጥር ስጠራ አንጀቴ ይላወሳል።

ሕግ አጥተን አይደለም። የአፍሪካ ኅብረት በፈረንጆቹ 2009 ካምፓላ ላይ የተፈናቃዮችን ስምምነት አጸደቀ፤ በፈረንጆቹ 2012 ሥራ ላይ ዋለ። ኢትዮጵያም በየካቲት 2012 ዓ.ም. በተወካዮች ምክር ቤት አጽድቃዋለች። አንቀጽ 9 ተፈናቃዮች ስለ ጥበቃቸውና ዕርዳታቸው በሚወሰነው ውሳኔ ይመከሩ፣ ይሳተፉ ይላል። አንቀጽ 11 ልመለስ፣ እዚሁ ልኑር ወይስ ሌላ ቦታ ልሥፈር የሚለውን በነጻ ፈቃዳቸው፣ አውቀው እንዲመርጡ ያዝዛል። አንቀጽ 13 ሴቶችም እንደ ወንዶች መታወቂያና ሰነድ በራሳቸው ስም የማግኘት እኩል መብት አላቸው ይላል።

በሌላ ነገር ደግሞ ከኮሎምቢያ አናንስም። በአማራ ክልል በእኛ አቆጣጠር ከ1990ዎቹ አጋማሽ ጀምሮ ለገበሬው የተሰጠው የመሬት ይዞታ ደብተር የባልም የሚስትም ስም አለበት፤ የሁለቱም ፎቶ ተለጥፎበታል። ኮሎምቢያ አንቀጽ 118ን ስታወጣ እኛ ዘንድ ደብተሩ በየሣጥኑ ነበር። ባላገሯ እናት በገዛ ቀዬዋ ፎቶዋ ያለበት ሰነድ ይዛ ኖራ፣ በጥይት ተባርራ መጠለያ ስትገባ ግን እንደገና የአባወራ ጥገኛ ተብላ ትጻፋለች። በአንድ ካርድ፣ በአንድ ስም፣ ስንዴውና ዘይቱ ይወጣል። ባልየው ስንዴውን ሸጦት ቢመጣ፣ ወይም ሁለተኛ ቤት ቢኖረው፣ እሷ ምን ይዛ ትከራከር?

የመጠለያውን ኮሚቴም አይቻለሁ ብል እውነት ነው። ሴት አለች ወይ? አለች። ስብሰባው የሚጠራው ግን ውኃ ቀጂው በሚሰለፍበት፣ ምጣድ በሚጣድበት ሰዓት ነው። ሽማግሌው ይናገራል፣ ወጣቱ ይጨምራል፤ እሷ በመጨረሻ ተስማምታችኋል ወይ ስትባል ራሷን ትነቀንቃለች። ቧንቧው የት ይተከል፣ ሽንት ቤቱ መቀርቀሪያና መብራት ይኑረው፣ ማገዶ ለመልቀም እስከ የት ድረስ ይኬዳል የሚለውን በእግሯ የምታውቀው እሷ ነች። ያገሩን ሰርዶ ባገሩ በሬ ካልን፣ የመጠለያውን ችግር የመጠለያው እናት እንድትፈታው እንዴት አናስቀምጣትም?

ከሁሉ የሚያንገበግበኝ የመመለስ ጉዳይ ነው። በ2011 ዓ.ም. የጌዴኦ ተፈናቃዮች ወደ ቀያቸው ሲመለሱ፣ ፈቅደው ነው ወይስ ተገደው የሚል ጥያቄ ከዕርዳታ ድርጅቶች ተነሥቶ ነበር። እንዲህ ያለ ነገር ሲመጣ ቀድሞ አገሩን አይቶ እንዲመለስ የሚላከው ብዙውን ጊዜ ወንድ ሽማግሌ ነው። አይቶ ይመጣል፤ ጸጥታው ደኅና ነው ይላል። እናትየዋ ግን ሌላ የምታየው ነገር አላት። ሴት ልጇ ወንዝ ስትወርድ የሚያገኛት ማን ነው? የደፈራት ሰው እዚያው ጎረቤት ተቀምጦ ይሆን? የጤና ጣቢያው አዋላጅ ተመልሳለች? ይህን ሽማግሌው አይጠይቅም፤ ክፉ ሆኖ ሳይሆን ሕይወቱ ስላላስተማረው። ስለዚህ አይቶ የሚመለሰው ቡድን ሲላክ ግማሹ ሴቶች ይሁኑ። ሴቶቹም ሴቶቹን ለብቻ ሰብስበው ያዩትን ይንገሯቸው፤ እንመለስ ወይም አንመለስ የሚለው ድምፅ የሚሰጠው ከዚያ በኋላ ይሁን። የሚናገሩት ሴቶች ስማቸው ለታጣቂ እንዳይደርስ መጠበቅም የመንግሥት ሥራ ነው፤ ዮላንዳና አና ፋብሪሲያ ይህን በደማቸው አሳይተዋል።

ዝርዝር የምትይዙ፣ ካርድ የምታትሙ፣ ድንኳን የምታከፋፍሉ የወረዳና የድርጅት ሰዎች፣ ይህን የምታነቡ ካላችሁ ጥቂት ነገር ልለምናችሁ። በሚቀጥለው ምዝገባ ለእያንዳንዷ አዋቂ ሴት ስሟና ፎቶዋ ያለበት ካርድ ለብቻዋ ይውጣላት፤ ባል ያላትም ትሁን የሌላት። የይዞታ ደብተሯ ተቃጥሎ ከሆነ ወሰኗን፣ አዋሳኞቿንና ቀበሌዋን ራሷ ትናገር፤ ጻፉላት፤ ቅጂውን በእጇ ስጧት። የኮሚቴው ስብሰባ ከሰዓት በኋላ ይሁን፣ ውኃ ተቀድቶ ልጅ ከበላ በኋላ። ቃለ ጉባኤውም ከመፈረሙ በፊት ለሴቶቹ በሚሰሙት ቋንቋ ጮክ ተብሎ ይነበብላቸው፤ ያልተስማሙበት ካለ ያው ይጻፍ።